ሐሰን ፋትሒ፣ ሙቀትን በጭቃ የተቋቋመው አርክቴክት

በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ንጉሥም የጦር አዝማችም አይደለም። ቤት የሚቀይስ ግብፃዊ አርክቴክት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የኖረው አንድ ጥያቄ ነበር። ድሃ ሰው ኤሌክትሪክና ነዳጅ ሳይኖረው፣ ውድ ዕቃም ሳይገዛ፣ በሐሩር የሚቀዘቅዝ በብርድ ጊዜም የሚሞቅ ቤት እንዴት ሊያገኝ ይችላል የሚል ጥያቄ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀትር ላይ ተቀምጦ የተማረ ልጅ ይህ ጥያቄ የቅንጦት እንዳልሆነ ይገባዋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሰን ፋትሒ በ1900 ዓ.ም. በእስክንድርያ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቦቹ እርሻ ያላቸው ሀብታሞች ነበሩ፤ ነገር ግን የሚኖሩት በከተማ ነው። አባቱ ገጠርን የዝንብና የበሽታ አገር አድርጎ ስለሚቆጥር ልጆቹን ወደዚያ አይወስድም ነበር። እናቱ ግን ያደገችበትን የገጠር ኑሮ እየናፈቀች ታወራላቸው ነበር። ስለዚህ ፋትሒ ከልጅነቱ ጀምሮ ገጠርን የወደደው በእናቱ ወሬ ሲሆን፣ በዓይኑ ያየው ደግሞ ከባቡር መስኮት ብቻ ነው። ለትምህርት ሲደርስ መጀመሪያ እርሻ ማጥናት ፈለገ። ሆኖም ስለ አዝመራ የተጠየቀውን መመለስ ስላልቻለ ሳይቀበሉት ቀሩ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሥነ ሕንፃ ዞሮ በ1926 ዓ.ም. በካይሮ የተመረቀው። ፈተና የወደቀ ተማሪ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ቢያነብ አይጠላም።

በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቱ ጣልኻ በምትባል አነስተኛ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ እንዲቆጣጠር ተላከ። በዚያ የድሆቹን ሰፈር ጭቃና ጥበት አይቶ እጅግ አዘነ። በ27 ዓመቱ ደግሞ ከቤተሰቡ እርሻዎች አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎበኘ። እናቱ ከነገረችው ገነት ይልቅ ያገኘው ዝቅ ያሉ፣ ጨለማና ቆሻሻ የበዛባቸው ጎጆዎችን ነው። በእነዚያ ጎጆዎች የሚኖሩት የራሱን ቤተሰብ መሬት የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። ያ ኀፍረት ከልቡ አልወጣም።

ያን ጊዜ የተማረ ሰው ሁሉ መልሱ ሲሚንቶ፣ ፌሮና ቆርቆሮ ነው ብሎ ያምን ነበር። ፋትሒ ግን ገበሬው ሲሚንቶና ፌሮ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል ብሎ ጠየቀ። ገበሬው በነፃ የሚያገኘው ከእግሩ ሥር ያለውን አፈር ነው። ግብፃውያን ጭቃን ከጭድ ጋር አቡክተው በፀሐይ ባደረቁት ጡብ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲገነቡ ኖረዋል። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። በዓባይ ሸለቆ የተከማቸው ያ ለም ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በተከዜ ጎርፍ ተጠርጎ የወረደ አፈር ነው። ታላቁ የአስዋን ግድብ በ1960ዎቹ ውኃውን ማቆር ከጀመረ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ በላይ ስለሚቀር ወደ ታች አይወርድም። ፋትሒ በጀመረባቸው ዓመታት ግን ጎርፉ በየክረምቱ ይመጣ ነበር።

ግድግዳውስ በጭቃ ጡብ ይሠራ፤ ጣሪያውስ? ግብፅ እንጨት የላትም። ከ1939 ጀምሮ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከውጭ የሚመጣው እንጨትና ብረት ተቋረጠ። ፋትሒ ያን ጊዜ በካይሮ አጠገብ ባሕቲም በሚባል ስፍራ ለግብርና ማኅበር ቤቶች ይሠራ ነበር። የጭቃ ጡብን አጉብጦ፣ ግማሽ በርሜል የተደፋ በሚመስል ቅስት ጣሪያውን ሊያለብስ ሞከረ። ነገር ግን ቅስት እስኪጋጠም ድረስ ከሥር ደግፎ የሚይዘው እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨቱ ደግሞ የለም። ያለ ድጋፍ የሞከራቸው ጣሪያዎች ተደረመሱ።

መፍትሔውን የጠቆመው በአስዋን ግድብ ሥራ ላይ የነበረ ታላቅ ወንድሙ ነው። ኑቢያውያን ቤታቸውንም መስጊዳቸውንም ያለ አንዳች የእንጨት ድጋፍ በጭቃ ጡብ እንደሚከድኑ ነገረው። ፋትሒ በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ አስዋን ወረደ። ከተማው ውስጥ የፈለገውን አላገኘም። ወንዙን ተሻግሮ ጋርብ አስዋን ወደምትባል መንደር ሲገባ ግን ቆሞ ቀረ። ቤቶቹ ንጹሕ፣ ኖራ የተቀቡ፣ ሰፋፊና ያማሩ ነበሩ፤ ሁሉም በጭቃ የተሠሩ፣ ጣሪያቸውም ቅስት ነው። አርክቴክት ያልቀየሳቸው፣ መንግሥትም ያላወቃቸው ቤቶች ናቸው።

ግንበኞቹ እንዴት እንደሚሠሩ ላስረዳችሁ። መጀመሪያ የክፍሉን የኋላ ግድግዳ ከሌሎቹ አስረዝመው ያቆማሉ። በዚያ ግድግዳ ላይ ጭቃ ይለጥፉና ያለ ገመድና ያለ ኮምፓስ፣ በዓይናቸው ብቻ ለክተው የቅስቱን መስመር ይቀርፃሉ። ለጣሪያው የሚሆነው ጡብ ከተራው ጡብ የሳሳና ጭድ የበዛበት ስለሆነ ቀላል ነው። ጡቡ ገና እርጥብ ሳለ በጣታቸው ሁለት ቦይ ይጭሩበታል፤ ይህም ጭቃውን መጥጦ እንዲይዝ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ረድፍ ወደ ኋላው ግድግዳ አዘንብለው ያስደግፋሉ፤ ቀጣዩ ረድፍ በመጀመሪያው ላይ ይደገፋል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ረድፉ ዘንበል ያለ በመሆኑ ጡቡ ወደ ታች አይንሸራተትም። ከሥር እንጨት ማቆም ያላስፈለገው ለዚህ ነው። ሁለት ግንበኞች 3 ሜትር በ4 ሜትር የሚሆን ክፍል በአንድ ቀን ተኩል ይከድኑ ነበር። ዘዴው የቆየ መሆኑንም ፋትሒ አረጋግጧል። በሉክሶር በዳግማዊ ራምሴስ ቤተ መቅደስ አጠገብ በዚህ ዓይነት የተሠሩ ጎተራዎች ከ3,200 ዓመት በኋላም ፍራሻቸው ቆሞ ይታያል። በዩኒቨርሲቲ ሳይማር የቀረውን ማንበብና መጻፍ ከማይችሉ ግንበኞች ተማረ። እነሱንም ይዞ ወደ ባሕቲም ተመልሶ ሥራውን ጨረሰ።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ፤ የዚህ ሰው ትልቁ ዕውቀት እዚያ ላይ ነውና። ፀሐይ ቆርቆሮን ስትመታ ሙቀቱ ወዲያው ከሥር ይወጣል፤ ቆርቆሮ ቀጭን ብረት ስለሆነ የሚያዘገየው ነገር የለም። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ ግን ሙቀቱን ቀስ እያለ ይመጠዋል። ሙቀቱ ወደ ውስጠኛው ፊት ሳይደርስ ይመሻል፤ ሌሊት ደግሞ ግድግዳው የያዘውን መልሶ ለቀዝቃዛው አየር ይለቃል። በበረሃ ሌሊቱ ስለሚበርድ ይኸው ግድግዳ ለብሶ እንደ መተኛት ያገለግላል። ጉልላትና ቅስት ጣሪያም የራሱ ጥቅም አለው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ስትመታው አንዱ ጎኑ ጥላ ያገኛል፤ ከውስጥ ደግሞ የሞቀው አየር ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ ይሰበሰባል።

ይህ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። በ1964 ዓ.ም. በካይሮ የሕንፃ ምርምር ማእከል ግቢ ውስጥ የሙከራ ክፍሎች ተሠርተው ነበር። አንደኛው ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ጡብ ክፍል ሲሆን፣ ሌላው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የመጣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው። በመጋቢት ወር በአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሲለካ፣ በጭቃው ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ከ21 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ነበር። በኮንክሪቱ ክፍል ውስጥ ግን 36 ዲግሪ ደረሰ። ውጭ ካለው አየር በ9 ዲግሪ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ሰው ከዚያ ክፍል ወጥቶ ሜዳ ላይ ጥላ ፈልጎ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። ጥፋቱ የኮንክሪት ብቻ አይደለም፤ ኮንክሪት ሙቀትን ከጭቃ ፈጥኖ ማስተላለፉ አንድ ነገር ሆኖ፣ ቀጭን መሆኑ ደግሞ ባሰበት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ኤር ኮንዲሽነር የሚገጥም ሰው መኪናውን ቀኑን ሙሉ ከገዛ ግድግዳው ጋር ያታግላል፤ ሂሳቡንም በየወሩ ይከፍላል። ፋትሒ የመረጠው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የቤቱ አቀማመጥና ጥላው፣ ቀጥሎ ግድግዳና ጣሪያው፣ ከዚያም የነፋሱ መግቢያና መውጫ ይታሰባል። መኪና የሚመጣው ይህ ሁሉ ካልበቃ ነው።

ነፋስን በተመለከተ የተጠቀመው ከድሮ የካይሮ ቤቶች ያገኘውን ማልቃፍ የሚባል ነገር ነው። ማልቃፍ ከጣሪያ በላይ እንደ ጭስ መውጫ ከፍ ብሎ የሚሠራ፣ አፉ ወደ ነፋሱ መምጫ የተከፈተ ማማ ነው። በግብፅ ቀዝቃዛው ነፋስ ከሰሜን ስለሚመጣ አፉ ወደ ሰሜን ይዞራል። ከፍ ብሎ የሚነፍሰው አየር አቧራው ያነሰ ነው፤ ያ አየር በማማው ወርዶ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ የሞቀው አየር በሌላ ቀዳዳ ይወጣል።

ይህን ዘዴ በሰፊው የሞከረው ስሙን በዓለም ባስጠራው፣ ልቡንም በሰበረው ሥራ ላይ ነው። በሉክሶር ትይዩ ከዓባይ ምዕራብ ጉርና የሚባል መንደር ነበር። ሕዝቡ የሚኖረው በጥንታውያን ግብፃውያን መቃብሮች ላይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከመቃብር በሚወጣ ዕቃ ሽያጭና ከጎብኚዎች ይተዳደሩ ነበር። ከአንድ መቃብር የተቀረፀ ድንጋይ ተሰርቆ ከተሸጠ በኋላ፣ የቅርሳ ቅርስ መሥሪያ ቤት 7,000 የሚሆነውን ሕዝብ ከኮረብታው አንሥቶ ሜዳ ላይ ሊያሰፍር ወሰነ። አዲሱን መንደር እንዲሠራ የተመረጠው ፋትሒ ነው። ሥራው በ1946 አካባቢ ተጀመረ።

ፋትሒ አንድ ዓይነት ቤት በሰልፍ ደርድሮ ለሰው ማከፋፈልን አልወደደም። ዘመዳማቾች ጎን ለጎን እንዲሰፍሩ በየወገናቸው አደባባይ አወጣላቸው፤ ቤቶቹንም እንደየቤተሰቡ ለያይቶ ቀየሰ። መስጊድ፣ ገበያ፣ ቲያትር ቤትና ትምህርት ቤት ሠራ። በትምህርት ቤቱ ማማ ውስጥ ከሰል የሞላባቸው ዘንበል ያሉ የብረት ትሪዎች አስገባ፤ ከሰሉ በውኃ ይረጥባል፤ ነፋሱም በርጥቡ ከሰል መካከል አልፎ ወደ ክፍሉ ይወርዳል። ውኃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ በእንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ብቻ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ዝቅ አለ። አንዳች ሞተር የለበትም። የሳይንስ ትምህርት የጀመራችሁ ልጆች ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት ቦታ ነው። በባሕር ዳርቻ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውኃው በቀላሉ አይተንም።

ክረምት ሲመጣ ለሚበርደውም አሰበ። የገበሬው ቤት በብርድ ጊዜ ጭስ ይሞላዋል። ፋትሒ በኦስትሪያ ተራሮች የሚሠራበትን፣ ጭሱ በውስጡ ተጠማዝዞ ሙቀቱን ትቶ የሚወጣበትን ትልቅ ምድጃ ያውቅ ነበር። የዚያ አገሩ ምድጃ ግን በሸክላ ንጣፍ የሚለበጥ ውድ ነገር ነው። ስለዚህ የዳቦ ምድጃ መሥራት የምታውቅ አንዲት የገጠር አሮጊት ፈልጎ ያንኑ በጭቃ አሠራት። ከጉርና ሥራ ሁሉ እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ሆኖም መንደሩ አላለቀም። ለጭድ ግዥ እንኳ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር። ከዚህ የባሰው ግን የጉርና ሰዎች ራሳቸው አለመፈለጋቸው ነው። ከኮረብታው መውረድ ለእነሱ እንጀራቸውን መተው ነበር። ጉልላትም በአካባቢው የሚታወቀው በቅዱሳን መቃብር ላይ ስለሆነ ብዙዎች ከሥሩ መተኛት ከበዳቸው። በአንድ ወቅት ጎርፍ የሚከለክለው አፈር ተጥሶ ውኃ ወደ አዲሱ መንደር ተለቀቀ፤ ፋትሒ ይህን ያደረጉት መንደሩን የማይፈልጉ ሰዎች ናቸው ብሎ አምኗል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥራው ሲቆም ከታሰበው የተሠራው ሲሶው እንኳ አይሞላም ነበር። ኋላም ከመሬቱ የሚወጣው ጨው የጡቦቹን ሥር በላው።

በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ሰዎች ገበሬዎቹን አላዋቂ አድርገው ያቀርባሉ። እኔ አልስማማም። ፋትሒ ከብዙ ባለሥልጣናት ይልቅ ሰዎቹን ጠይቋል፤ የየቤተሰቡን ፍላጎት ለማወቅም ደክሟል። ነገር ግን ወዴት ትሄዳላችሁ፣ ለምንስ ትሄዳላችሁ የሚለውን ዋናውን ጥያቄ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሱም የመንግሥትን ውሳኔ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ቤቱ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ፣ ተገድዶ የገባበት ሰው ቤቱን ሳይሆን መገደዱን ነው የሚያየው። ይህን ለእናንተ ለወላጆች ማስረዳት አያስፈልግም።

የኑቢያውያኑም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልሆነም። በታላቁ የአስዋን ግድብ ምክንያት በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. 50,000 ያህል ኑቢያውያን ከግድቡ በላይ ካለው አገራቸው ተነሥተው ኮም ኦምቦ አጠገብ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ቤቶቹ የተከፋፈሉት በዘመድ ሳይሆን በቤተሰብ ብዛት ስለነበር ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያየ። ጣሪያውም ኮንክሪት ነበር። ያለ እንጨት ጉልላት የሚያቆሙ ሰዎች ወገኖች፣ ሌላ ሰው በቀየሰው የሚግል ጣሪያ ሥር ገቡ። ብዙዎቹ ከገቡ በኋላ በገዛ እጃቸው በጭቃ መደብ እየሠሩ፣ ግድግዳውን እያስጌጡ ቤቱን ቤታቸው ለማድረግ ደክመዋል።

ፋትሒ ከጉርና በኋላ በአገሩ ብዙ ሥራ አላገኘም። በ1957 ወደ አቴና ሄዶ ከአንድ የግሪክ የከተማ ፕላን ድርጅት ጋር ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ወደ ካይሮ ተመለሰ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በምዕራቡ በረሃ በኻርጋ ውስጥ ባሪስ የተባለች መንደር እንዲሠራ ተጠራ። እዚያ ሐሩሩ ከሉክሶር ይብሳል። ለገበያው አትክልት ሳይበላሽ የሚቀመጥበት ምድር ቤት ቆፍሮ፣ ነፋስ በማማዎች እንዲወርድለት አደረገ። የምድር ቤቱ ሙቀት ያለ ምንም መኪና በ15 ዲግሪ ዝቅ እንዳለ ተመዝግቧል። በ1967 ጦርነት ሲነሣ ግን ያም ሥራ ቆመ። ሁለተኛው ያላለቀ መንደሩ ይህ ነው።

የጉርናን ታሪክ፣ ሽንፈቱንም ጭምር፣ በ1969 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በ1973 በአሜሪካ እንደገና ሲታተም በብዙ አገር ያሉ ወጣት አርክቴክቶች አነበቡት። ሥራውን ያላገኘው ሰው ስሙ በዓለም ገነነ። በ1980 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ ሆኖ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት የአጋ ካን ሽልማትም ተሰጠው። በ80 ዓመቱ ገደማ ከኑቢያ ግንበኞች ጋር አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ በጭቃ መስጊድ አሠራ። የሚያስቀው፣ ምናልባትም የሚያሳዝነው፣ ለድሆች ብሎ ያጠናውን ቤት በብዛት ያሠሩት ሀብታሞች መሆናቸው ነው። በ1986 ስለ ሙቀት፣ ስለ ነፋስና ስለ ጥላ ያወቀውን ሰብስቦ ሌላ መጽሐፍ አወጣ።

ከዚህ ተነሥታችሁ ጣሪያችሁን በጭቃ ቅስት ለመክደን የምታስቡ ካላችሁ ግን ቆዩ! ፋትሒ ራሱ ከግንበኞቹ ሳይማር የሞከረው ተደርምሶበታል። ደግሞም በአስዋን ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ዝናብ በሚዘንብበት ስፍራ የጭቃ ግድግዳ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ወጣ ያለ ክዳን ይፈልጋል። የሚቻለው ሌላ ነው። ግድግዳን ማወፈር፣ ከቆርቆሮው ሥር የሣር ወይም የምንጣፍ ኮርኒስ አድርጎ በመካከሉ አየር ማሳለፍ፣ መስኮትን ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ማድረግ፣ በምዕራብ በኩል ዛፍ መትከል ማንም ሊሠራው ይችላል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ደግሞ እንጨት ላይ ጨርቅ አስሮ አንድ ሳምንት መመልከት ይበቃል።

ፋትሒ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በካይሮ በጥንታዊው ምሽግ አጠገብ፣ ዳርብ አል ላባና በሚባል ሰፈር ባለ አሮጌ ቤት ነው። ድመቶቹ አብረውት ነበሩ፤ ቫዮሊንም ይጫወት ነበር። በኅዳር 1989 ዓ.ም. መጨረሻ በ89 ዓመቱ በዚያው አረፈ። የአሮጌው ጉርና ነዋሪዎች ከኮረብታው እንዲለቁ የተደረጉት እሱ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ቤታቸውም በመኪና ፈረሰ። እሱ በሠራው መንደር ውስጥ የገቡት ሰዎች ልጆቻቸው ሲበዙ ብዙዎቹን የጭቃ ቤቶች አፍርሰው በኮንክሪትና በቀይ ጡብ ፎቅ ሠርተዋል። ዩኔስኮ በቅርብ ዓመታት ከሕዝብ ሕንፃዎቹ ጥቂቶቹን አስጠግኗል። ከእነዚህ አንዱ መስጊዱ ነው፤ ኑቢያውያኑ ያቆሙት የጭቃ ጉልላት አሁንም ከላዩ አለ።